የጤና ወረቀትም አማና ነው



በቁርኣን ውስጥ ረጅሟ አያ ስለ ምን እንደምትናገር ታውቃላችሁ? ስለ ብድር ነው። የሱረቱል በቀራ 282ኛዋ አያ ዕዳ ትንሽም ይሁን ትልቅ ከነጊዜው እንዲጻፍ፣ በመጻፍም እንዳንሰላች ታዘናለች። ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስም ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) የሚናዘዘው ነገር ያለው ሙስሊም ኑዛዜው ሳይጻፍ ሁለት ሌሊት ማደር እንደማይገባው አስተምረዋል። ሐዲሱን ያስተላለፉት ዐብደላህ ኢብኑ ዑመር (ረ.ዐ) ይህን ከሰሙ ወዲህ ኑዛዜያቸው አጠገባቸው ሳይኖር አንድም ሌሊት አላለፈባቸውም።

ሁለቱም የመጡት ስለ ገንዘብና ስለ ኑዛዜ ነው። ነገር ግን የሰው ሐቅ ያለበትን ጉዳይ ለማስታወስ ብቻ እንዳንተወው ያስተምሩናል። የወላጅ ጤናስ ከዚህ ያንሳል?

እዚህ ልደታ፣ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል እናታችሁን በሌሊት ይዛችሁ ደረሳችሁ እንበል። ሐኪሙ «ምን መድኃኒት ትወስዳለች?» ሲል መልሳችሁ «ጠዋት ጠዋት ነጭ ኪኒን ትውጣለች» ከሆነ ምንም አልነገራችሁትም። የደም ግፊቱም የስኳሩም ኪኒን ነጭ ሊሆን ይችላል። ካርዷ ደግሞ በምትታከምበት ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ተቆልፎበታል።

ስለዚህ እነዚህን አድርጉ፦

1. በአንድ ገጽ ላይ ስሟን እስከ አያት፣ ዕድሜዋን፣ ያለባትን በሽታ፣ የማይስማማትን መድኃኒት፣ የተደረገላትን ኦፕራሲዮንና የቅርብ ሰው ስልክ ጻፉ። የምትወስደውን መድኃኒት ስም ከነሚሊግራሙ ከማሸጊያው ላይ ገልብጡ። ጥቁር አዝሙድም ሆነ የባህል መድኃኒት የምትወስድ ከሆነ አትደብቁ። መድኃኒት ሲቀየር ገጹንም ቀይሩ፤ የጻፋችሁበትን ቀንም አስፍሩ።

2. ሪፈር ወረቀት፣ የላብራቶሪ ውጤትና ራጅ በቀን ቅደም ተከተል በአንድ ክላሰር ይቀመጡ። የካርድ ቁጥሯ ከላይ ይጻፍ። ስሟም በሁሉም ቦታ አንድ ዓይነት ይሁን፤ አንዱ ጋር «ሙሐመድ» ሌላው ጋር «ሞሀመድ» ከተባለ ካርድ ፍለጋው ያንገላታል። የቀጠሮው ቀን በኢትዮጵያ ይሁን በፈረንጅ እዚያው ጠይቁ።

3. ገጹን በስልካችሁ ፎቶ አንሱት። ክላሰሩ የት እንዳለ ቢያንስ አንድ ሌላ የቤተሰብ አባል ይወቅ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 በሁላችሁም ስልክ ይመዝገብ።

ረመዳን ከመግባቱ በፊትም ይህችን ገጽ ይዛችሁ ሐኪሟን ስለ ጾምና ስለ መድኃኒት ሰዓት አማክሩ።

አንዳንድ እናት «በሽታ አትጥሩብኝ» ልትል ትችላለች። አትቆጧት። «እማዬ፣ አሽ-ሻፊ አላህ ነው፤ ሰበብ ማድረስ ግን የእኛ ድርሻ ነው» በሏት። ተወኩል ማለት የምንችለውን አድርገን ውጤቱን ለአላህ መስጠት ነው።

አንድ አደራ ግን አለ። «ዱዓ አድርጉልን» ብላችሁ የወላጆቻችሁን የምርመራ ውጤት ቴሌግራም ግሩፕ ላይ አትልቀቁ። ዱዓ ለመለመን የበሽታውን ስም መናገር እንኳ አያስፈልግም። የታማሚ ሚስጥር አማና ነው።

ዛሬ ከዐስር በኋላ ለዱዓ ስትቀመጡ ወረቀትና እስክሪብቶም ያዙ። ከራሳችሁ ጀምሩ፤ ድንገት የምትወድቁት እናንተም ልትሆኑ ትችላላችሁ።

አላህ ሕመምተኞቻችንን ያሽርልን፤ ለወላጆቻችን ዕድሜና ዓፊያ ይስጥልን። አሚን!