ከዋይፋዩ በፊት ጎረቤቱ

 

ለሥራ ተመድባችሁ ላሊበላ ገባችሁ እንበል። ቤት ተከራያችሁ፣ ዕቃ አስገባችሁ። የመጀመሪያው ጥያቄ ምንድን ነው? ለብዙዎቻችን «እዚህ ሰፈር ዋይፋይ ይገባል?» የሚል ነው። መጠየቁ ነውር የለውም፤ ቤተሰብ ለማግኘትም ዕውቀት ለመፈለግም ይጠቅማል። ግን የራውተሩን የይለፍ ቃል በቃላችን ይዘን የጎረቤታችንን ስም ካላወቅን፣ ቅደም ተከተሉ ተዛብቷል።

አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱ ኒሳእ 36ኛው አንቀጽ በጎ እንድንውልላቸው ካዘዘን ሰዎች መካከል የቅርብም የሩቅም ጎረቤት አለ። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ደግሞ ጂብሪል ስለ ጎረቤት አደራውን ከማብዛቱ የተነሳ ውርስ ሊያካፍለው ነው ብለው እስኪያስቡ መድረሳቸውን ነግረውናል። ሐዲሱን ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል።

ጎረቤቱ ሙስሊም ባይሆንስ? ሐቁ አይቀርም። ሰሐባው ዐብዱላህ ኢብኑ ዐምር ቤታቸው በግ ሲታረድ ደጋግመው የጠየቁት ለአይሁዳዊው ጎረቤታቸው መሰጠቱን ነበር።

ላስታ ላይ አብዛኛው ጎረቤት ክርስቲያን ነው። እነርሱ የኛን እርድ አይበሉም፤ ረቡዕና ዓርብ ደግሞ ይጾማሉ። ስለዚህ ሥጋና ወተት ከመላክ ይልቅ ከሰዓት በኋላ ቡና አፍልቶ፣ ንፍሮ አቅርቦ መጥራት ይሻላል። የሰውን ሁኔታ አውቆ መስጠትም ከሐቁ ነው።

ዋይፋዩም ራሱ ሐቅ አለበት፦

1. ያለ ፈቃድ አለመግባት። የይለፍ ቃሉን ከልጃቸው ተቀብሎ ወይም በአፕ ሰብሮ መጠቀም ሐቅ መንካት ነው። ባለቤቱ በየወሩ የሚከፍልበት ፍጥነት ተጠቃሚ ሲበዛ ይከፋፈላል።

2. ከተፈቀደልን አማና ነው። ለሦስተኛ ሰው አሳልፎ አለመስጠት፣ ከባድ ፋይል እያወረዱ መስመሩን አለማጨናነቅ፣ ክፍያውንም ለመጋራት መጠየቅ።

3. የራሳችን ከሆነ መጥቀም። የጎረቤት ልጅ የትምህርት ቤት ፎርም መሙላት ቢያስፈልገው በራችን ክፍት ይሁን። ማታ ደግሞ የስልካችን ድምፅ ግድግዳ አይሻገር።

ላሊበላ ይህን በተግባር አይታዋለች። በ2013 መጨረሻ ጦርነቱ ሲደርስባት መብራትም ስልክም ተቋርጦ ነበር። በ2015 ሐምሌ መጨረሻ ደግሞ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተዘጋ። ኔትወርክ ሲጠፋ በሽተኛ የሚያደርስ፣ ጀናዛ የሚሸከም፣ ዱቄት የሚያበድር ጎረቤት ነው።

የዚህ ሳምንት ሥራችን፦ እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ከሁለት ጎረቤቶቿ ለየትኛው ስጦታ እንደምትሰጥ ስትጠይቅ፣ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) በሩ ለሚቀርባት ብለዋታል። እስከሚቀጥለው ጁመዓ በራቸው ከሚቀርበን ጀምረን የሦስት ጎረቤቶችን ስም እንወቅ፤ የታመመ ካለ እንጠይቅ።

አላህ ጎረቤቶቻችን በኛ የሚያርፉብን ያድርገን። ኣሚን። ሱረቱል ካህፍንና ሰለዋትን አንርሳ።