ከሃርድ ዲስክ የጠፋ ቦታ እንዴት ይመለሳል?

ኮምፒዩተሩ «ቦታ የለም» ሲል ብዙ ነጋዴ አዲስ ሃርድ ዲስክ ለመግዛት ይሮጣል። ቀደም ሲል ከዲስኩ ላይ አንድ ፓርቲሽን ተሰርዞ ከሆነ ግን ቦታው ባለቤት አጥቶ ተቀምጧል እንጂ አልጠፋም።

ሥራው ሳይጀመር የሂሳብ መዝገቡ ወደ ሌላ ዲስክ ይገልበጥ። ከዚያም የዊንዶውስ «ዲስክ ማኔጅመንት» ሲከፈት ባዶው ቦታ «አንአሎኬትድ» ተብሎ ይታያል። ነገሩ ከፈረሰ ሱቅ ጋር ይመሳሰላል፤ ቦታውን ሊጠቀልል የሚችለው አጎራባቹ ብቻ ነው። ባዶው ቦታ ከሲ ድራይቭ በስተቀኝ ተያይዞ ከተገኘ ሲ ላይ የማውሱን የቀኝ ቁልፍ ተጭኖ «ኤክስቴንድ ቮልዩም» ማዘዝ ይበቃል። በመሀል ሌላ ፓርቲሽን ካለ ትእዛዙ አይሠራም፤ ያኔ «ኒው ሲምፕል ቮልዩም» በሚለው ራሱን የቻለ ድራይቭ ማድረግ ይቻላል።

ባለ 500 ጊጋ ባይት ዲስክ 465 ገደማ ቢያሳይ ከሻጭ ጋር መጣላት አያስፈልግም። አምራቹ በ1,000፣ ዊንዶውስ በ1,024 ስለሚያባዙ ነው።

በተሰረዘው ፓርቲሽን ላይ ቅጂ የሌለው ሰነድ ከነበረ ግን ቦታው አይነካ፤ አስቀድሞ ባለሙያ ይጠራ። አዲስ ነገር ከተጻፈበት በኋላ ዲስክ ይገዛል፤ የደንበኞች የዱቤ መዝገብ ግን አይገዛም።