ንቅሳትና ማኅተም
(የኒቆዲሞስ ሳምንት ትምህርት)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



ባለፈው ዓመት በጾሙ ወራት፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ አሜሪካ ያደገ አንድ ወጣት ከእናቱ ጋር ወደ እኛ መጣ። ከኪሱ ወረቀት አውጥቶ ዘረጋ። ሥዕሉ በወፍራም ጥቁር መስመር የተሠራ የመርከብ መልሕቅ ነው፤ አናቱ መስቀል ነው፤ በመልሕቁ ላይ በተጠመጠመው ጥብጣብ የእናቱ የክርስትና ስም ተጽፏል።

«መምህር፣ ይሄን ክንዴ ላይ ላስነቅስ ነው። ለፋሲካ እንዲደርስልኝ ነው የፈለግሁት። ኃጢአት ነው እንዴ?» አለን።

እናቱ ቀበል አድርገው «ኧረ በእመቤታችን ይምከሩልኝ! ደህና ገላውን ሊያበላሽ ነው» አሉ።

ልጁ ፈገግ ብሎ ወደ እናቱ ግንባር እያመለከተ «እማዬ፣ አንቺስ ግንባርሽ ላይ ያለው ምንድን ነው?» አላቸው።

እናትየው ዝም አሉ። በልጅነታቸው የተነቀሱት መስቀል ግንባራቸው ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። እኛም ቶሎ መልስ አልሰጠንም። ጥያቄው የዚህ ልጅ ብቻ ስላልሆነ በዚህ ጽሑፍ በዝርዝር እንመለከተዋለን።

1. ሥዕሉ ከየት መጣ?

ወጣቱ ያመጣው የአሳሳል ስልት «ኦልድ ስኩል» ይባላል፤ የድሮው ዓይነት እንደ ማለት ነው። በአሜሪካ በመርከበኞችና በወታደሮች ዘንድ የተስፋፋ ነው። እ.ኤ.አ. በ1891 ሳሙኤል ኦሬይሊ የተባለ የኒውዮርክ ነቃሽ በኤሌክትሪክ ለሚሠራ የመንቀሻ መሣሪያ የፈጠራ መብት አገኘ፤ ከዚያ ወዲህ ሥራው ፈጣን ሆነ። በኋላም እ.ኤ.አ. በ1973 እስኪሞት ድረስ በሃዋይ ደሴቶች፣ በሆኖሉሉ ከተማ ይሠራ የነበረው ኖርማን ኮሊንስ ስልቱን በጣም አሳወቀው። መልሕቅ፣ መርከብ፣ ልብ፣ ጽጌረዳ፣ የእናት ስም የተጻፈበት ጥብጣብ የዚህ ስልት ዋና ዋና ሥዕሎች ናቸው።

መስመሩ እንዲወፍር የሚደረገው በምክንያት ነው። መርፌው ቀለሙን ከላይኛው ቆዳ አሳልፎ በሁለተኛው ንብርብር ውስጥ ያስቀምጠዋል። የሰውነት መከላከያ ሕዋሳት ባዕድ ነገር መጣ ብለው ይውጡታል፤ ነገር ግን ሊያስወጡት ስለማይችሉ እዚያው ይዘውት ይቀራሉ። ከዓመታት በኋላ ቀጭን መስመር ይሰፋል፣ ይደበዝዛል። ወፍራሙ ግን ቅርጹን ይዞ ይቆያል።

ለወራት በባሕር ላይ የሚኖር መርከበኛ የእናቱን ስም በገላው ይዞ መሄድ ቢመኝ አይገርምም። በሰው አገር ያደገ ልጅም «የማን ነኝ? ከየት ነኝ?» ብሎ ይጠይቃል። የወጣቱ ምኞት ከክፋት የመጣ እንዳልሆነ በመጀመሪያ ልንረዳለት ይገባል። መልሕቁም ቢሆን ለእኛ እንግዳ ምልክት አይደለም። ሐዋርያው በዕብራውያን መልእክቱ (6፥19) ተስፋችንን በነፍስ መልሕቅ ይመስለዋል። የጥንት ክርስቲያኖችም በሮም ከምድር በታች ባሉት የመቃብር ዋሻዎች መልሕቅን በመቃብር ድንጋዮቻቸው ላይ ይቀርጹ ነበር።

2. ቅዱስ መጽሐፍ ምን ያስተምረናል?

በኦሪት ዘሌዋውያን 19፥28 እግዚአብሔር ሕዝቡ ስለ ሙታን ብሎ ሥጋውን እንዳይቆርጥ፣ በገላውም ላይ ንቅሳት እንዳያደርግ አዝዟል። ትእዛዙ እስራኤልን ከአሕዛብ የልቅሶና የጣዖት ልማድ የሚለይ ነው። በሐዲስ ኪዳን ደግሞ ቅዱስ ጳውሎስ ሰውነታችን የመንፈስ ቅዱስ ማደሪያ እንደሆነ፣ በዋጋም እንደተገዛን ያስተምረናል (1ኛ ቆሮ. 6፥19-20)። እንግዲህ «ገላዬ የራሴ ነው፤ እንዳሻኝ አደርገዋለሁ» የሚለው አነጋገር በክርስቲያን አፍ አያምርም።

በሌላ በኩል ነቢዩ ኢሳይያስ የእግዚአብሔር መሆኑን በእጁ ላይ ስለሚጽፍ ሰው ይናገራል (44፥5)። በ6ኛው መቶ ዓመት የነበረው የጋዛው ፕሮኮፒዮስ ይህን ቃል ሲተረጉም፣ ብዙ ክርስቲያኖች የመስቀል ምልክትን ወይም የክርስቶስን ስም በእጃቸው ላይ ያደርጉ እንደነበር ጽፏል። ልማዱ የትናንት እንዳልሆነ ከዚህ እንረዳለን።

አንዳንዶች ደግሞ ንቅሳት ያለበትን ሰው ሁሉ «የአውሬው ምልክት አለበት» እያሉ ያስፈራራሉ። ይህ ስሕተት ነው። ራእየ ዮሐንስ በምዕራፍ 13 ስለ አውሬው ምልክት እንደሚናገር ሁሉ፣ በምዕራፍ 7 እና 14 የእግዚአብሔር አገልጋዮች በግንባራቸው ስለሚቀበሉት ማኅተምና ስም ይናገራል። ጥያቄው «የማን ነህ? ለማን ትሰግዳለህ?» የሚል ነው።

3. የእናቶቻችን መስቀልና የግብፅ ክርስቲያኖች

በአገራችን በጎንደር፣ በጎጃም፣ በወሎ፣ በትግራይ ብዙ እናቶች በግንባራቸው መስቀል፣ በአንገታቸውና በአገጫቸው ጌጥ ተነቅሰዋል። በመርፌ ወይም በእሾህ እየተወጋ፣ ጥላሸት እየተቀባ የሚሠራ ነበር። ምክንያቱ አንድ አልነበረም። አንዷ ለውበት፣ አንዷ ቡዳ እንዳይበላት፣ ሌላዋ ክርስትናዋን ለመመስከር ተነቅሳለች። ከሦስቱ የመጨረሻው መልካም ሐሳብ ነው። ጥላሸት ከክፉ መንፈስ ይጠብቃል ማለት ግን እምነት ሳይሆን ጥንቆላ ይሆናል። ክፉውን የሚያርቀው ጸሎት፣ ጾምና የመስቀሉ ኃይል ነው።

የግብፅ ክርስቲያኖች በቀኝ እጃቸው አንጓ በስተውስጥ ትንሽ መስቀል ይነቀሳሉ። ለልጆቻቸውም ገና በሕፃንነታቸው ያደርጉላቸዋል፤ ልጁ ከወላጆቹ ቢለይ እንኳ ክርስቲያን መሆኑ እንዲታወቅ ነው። በኢየሩሳሌምም ከግብፅ የመጣው የራዙቅ ቤተሰብ፣ እንደ ቤተሰቡ ትውፊት፣ ለ700 ዓመት ያህል በዚህ ሥራ ኖሯል። በእንጨት የተቀረጸ ማኅተም ቀለም ነክረው በተሳላሚው ክንድ ላይ ያትሙና በመስመሩ ላይ በመርፌ ይነቅሱታል። ተሳላሚው የተሳለመበትን ዓመት አስጨምሮ ይመለሳል።

ምልክቱ ዋጋ የሚያስከፍልበት ጊዜም አለ። በየካቲት 2007 ዓ.ም. በሊቢያ ባሕር ዳርቻ 21 ክርስቲያኖች፣ ሃያው ግብፃውያን አንዱ ጋናዊ፣ ስለ እምነታቸው በሰይፍ ተሠዉ። በሚያዝያ ወር ደግሞ የኢትዮጵያውያን ወገኖቻችን መሠዋት ተሰማ። ሰማዕት ያደረጋቸው ግን የእጃቸው ቀለም ወይም የአንገታቸው ክር አይደለም። በሰይፍ ፊት ሳይክዱት የቀሩት ስም ነው። መስቀል የተነቀሰበት እጅ ጉቦ የሚቀበል፣ ሚስቱን የሚመታ ከሆነ ቀለሙ ይመሰክርበታል እንጂ አይመሰክርለትም።

4. የማይደበዝዘው ማኅተም

ወጣቱን «አንተ እኮ ታትመሃል!» አልነው። ግራ ገብቶት ክንዱን አየ።

ወንድ ልጅ በ40፣ ሴት ልጅ በ80 ቀን ስትጠመቅ ካህኑ በ36ቱ ሕዋሳት ላይ ቅብዐ ሜሮን ይቀባል። ግንባር፣ ዓይን፣ ጆሮ፣ አፍ፣ እጅ፣ ልብ፣ እግር በመስቀል ምልክት ይታተማሉ። ይህ ማኅተም አይደገምም፤ በውኃ አይታጠብም፤ በጨረር አይፋቅም። በአንገታችን የሚታሰረው ክርም «ማዕተብ» የተባለው ከግእዙ «ዐተበ» ነው፤ አማተበ፣ ምልክት አደረገ ማለት ነው።

ጌታችን በዚህ ሳምንት በሚነበበው ወንጌል (ዮሐ. 3) ለኒቆዲሞስ ያስተማረው ስለዚሁ ከውኃና ከመንፈስ ስለ መወለድ ነው። የንቅሳት ቀለም ከሥጋ ጋር አፈር ይሆናል፤ የጥምቀት ማኅተም ግን ከነፍስ ጋር ይሻገራል። ከሁሉ በላይ ደግሞ የክርስቶስን እጆች እናስብ። ከትንሣኤው በኋላ ለቶማስ ያሳየው የችንካሩን ምልክት ነው (ዮሐ. 20፥27)። እኛ የእርሱን ምልክት ለመያዝ ከማሰባችን በፊት እርሱ ስለ እኛ ቆስሏል።

5. ልንነቀስ ላሰብንና ለተነቀስን

ገና ላልተነቀሱ፦ ብዙ መምህራን «ይቅርባችሁ» ብለው ይመክራሉ፤ እኛም ይህንኑ እንላለን። ምክንያቱም አንደኛ፣ ጥንት በጨነቀ ጊዜ ለምስክርነት የተደረገው ዛሬ በአብዛኛው ለታይታ እየሆነ ነው። ሁለተኛ፣ በንጽሕና ያልተያዘ መርፌ ኤች አይ ቪንና ሄፓታይተስ ቢ እና ሲ የተባሉትን የጉበት በሽታዎች ያስተላልፋል። እንደ እኛ ጠቆር ያለ ቆዳ ደግሞ ከቁስል በኋላ እያበጠ የሚቀር ጠባሳ ይበዛበታል። ሦስተኛ፣ ላጥፋው ቢሉ ብዙ ጊዜ መመላለስና ብዙ ገንዘብ ይጠይቃል። ከሁሉ አስቀድሞ ግን የንስሐ አባትን ማማከር ይገባል። ያለ ምክር የተደረገ መልካም ነገር እንኳ ትዕቢት ሊሆን ይችላልና።

ለተነቀሱ፦ ወንድሜ፣ እኅቴ፣ በወጣትነትሽ ያስነቀስሽው የወንድ ስም ወይም የማይረባ ሥዕል ከቅዱስ ቁርባን ሊያስቀርሽ አይገባም። ለንስሐ አባትሽ ንገሪ፣ ቀኖናሽን ፈጽሚ፣ ቅረቢ። ክንዱን በነጠላ እየሸፈነ ከዓመት ዓመት በቤተ ክርስቲያን አጸድ ቆሞ የሚመለስ ስንት ሰው አለ! ያን ሰው በዓይናችን ገልመጥ አድርገን የምናባርር እኛ ግን ምን መልስ አለን? የእናቶቻችንን መስቀል እየሳምን የልጆቻቸውን ክንድ መናቅ ፍርደ ገምድልነት ነው።

ማጠቃለያ

ወጣቱ በመጨረሻ ሥዕሉን ለንስሐ አባቱ ሊያሳይ፣ እስከዚያም ሳይነቀስ ሊቆይ ተስማማ። እናቱም «እኔም ስነቀስ ማንም አልጠየቀኝ፤ ልጅ ነበርኩ። አንተ ግን ጠይቀህ አድርግ» አሉት። አብረው ወደ ካህኑ ሄዱ።

ኒቆዲሞስን እናስታውስ። በመጀመሪያ በሌሊት ተሸሽጎ መጣ። በዕለተ ዓርብ ግን፣ ሌሎች በተሸሸጉበት ሰዓት፣ ከርቤና እሬት ይዞ በግልጥ መጥቶ ከዮሴፍ ጋር የጌታን ሥጋ ገነዘ (ዮሐ. 19፥39-40)። የማን እንደሆነ የታወቀው ያን ቀን ነው። መስመሩ የሚወፍረው እንዲህ ባለ ሥራ ነው።

ለራሳችን እንጠይቅ፦
- በመንገድ፣ በሥራ ቦታ፣ በሰው ፊት ማማተብ ያሳፍረኛልን?
- ማዕተቤን የማስረው ለምንድን ነው? ለልማድ ነው ወይስ ለምስክርነት?
- ከፋሲካ በፊት ንስሐ የምገባበት፣ የምታረቀው ሰው አለን?

የጥምቀታችንን ማኅተም ሳናጎድፍ ለብርሃነ ትንሣኤው ያድርሰን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፣ ወለወላዲቱ ድንግል፣ ወለመስቀሉ ክቡር። አሜን።