ቅቅል ዕንቁላል በቤት ውስጥ፦ የዕንቁላሉ ዕድሜና የአገሩ ከፍታ

ለልማት ሠራተኞችና ለዶሮ አርቢ የኅብረት ሥራ ማኅበራት የተዘጋጀ

ዕንቁላል መቀቀል ትምህርት የሚያስፈልገው ሥራ አይመስልም። ድስት፣ ውኃና እሳት ካለ ማንም ይቀቅለዋል ይባላል። ሆኖም ሦስት ችግሮች በየቤቱ የተለመዱ ናቸው። አንደኛ፣ ሲላጥ ነጩ ከቅርፊቱ ጋር እየተቦጨቀ ይመጣል። ሁለተኛ፣ ገና ውኃው ውስጥ ሳለ ይሰነጠቅና ነጩ ይፈስሳል። ሦስተኛ፣ በስሎ ይሆናል ተብሎ የወጣው ዕንቁላል ሲቆረጥ አስኳሉ እርጥብ ሆኖ ይገኛል። ለፋሲካ ዶሮ ወጥ 12 ዕንቁላል ቀቅላ አምስቱ የተቦጫጨቁባት የቤት እመቤት ጉዳቷ ቀላል አይደለም፤ በበዓል ሰሞን የዕንቁላል ዋጋ የት እንደሚደርስ የታወቀ ነው። ቅቅል ዕንቁላል ለሚሸጥ ወይም ለምግብ ቤት ለሚያቀርብ ማኅበር ደግሞ የተቦጨቀው ሁሉ ኪሳራ ነው።

ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ በእሳቱ ወይም በቀቃይዋ ይመካኛል። እኛ ግን ከድስቱ በፊት ሁለት ነገሮች እንዲጠየቁ እንፈልጋለን፦ ዕንቁላሉ ስንት ቀኑ ነው? ቤቱስ ያለው ደጋ ነው ወይስ ቆላ?

የዕንቁላሉ ዕድሜ

ዕንቁላል ሲባል ትኩሱ ይመረጣል። ለጥብስ ይህ ትክክል ነው። ለቅቅል ግን ዛሬ የተጣለ ዕንቁላል ከሁሉም አስቸጋሪው ነው። ምክንያቱ እንደሚከተለው ነው። ከቅርፊቱ ሥር ነጩን የሚያቅፍ ስስ ሽፋን አለ። ዕንቁላሉ በተጣለበት ዕለት በነጩ ውስጥ የታመቀ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የተባለ አየር ስላለ ነጩ ሲበስል ከዚህ ስስ ሽፋን ጋር አጥብቆ ይጣበቃል። አየሩ በቅርፊቱ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ቀስ በቀስ ሲወጣ የነጩ ጠባይ ይለወጥና መያዣው ይላላል። ከ5 እስከ 10 ቀን በቀዝቃዛ ቦታ የቆየ ዕንቁላል በቀላሉ የሚላጠው በዚህ ምክንያት ነው።

እንግዲህ አንድ ማኅበር ትኩሱን ለጥብስና ለኬክ ለሚገዙት፣ የሳምንቱን ለቅቅል ለሚፈልጉት ለይቶ ቢያቀርብ ሁለቱም ገዢዎች ይደሰታሉ። ይህን ለማድረግ ግን ቀኑን ማወቅ ያሻል። ዕንቁላል በተሰበሰበ ቁጥር በሰፊው ጫፍ ላይ ቀኑን በእርሳስ መጻፍ ምንም ወጪ የሌለው ሥራ ነው። በብዙ ቦታ ግን ከየቤቱ የመጣው በአንድ ቅርጫት ይቀላቀልና የትናንቱና የወር ዕድሜ ያለው አብሮ ይቀቀላል፤ ግማሹ ሲቦጨቅ ግማሹ ይገማል።

መቆየት ይጠቅማል ስንል ገደብ አለው። በዐቢይ ጾም 55 ቀናት ዕንቁላል የሚበላው ስለሚቀንስ ብዙ ቤተሰብ ለፋሲካ ገበያ ያጠራቅማል። አውራ ዶሮ ካለበት መንጋ የተገኘ ዕንቁላል ሙቀቱ ከ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከፍ ባለ ቤት ሲከርም ዶሮ ባትታቀፈውም በውስጡ የጫጩት ፅንስ ማደግ ይጀምራል። በቆላ ይህ የየዕለት አደጋ ነው። ስለዚህ ለምግብ የሚሸጥ ዕንቁላል ከአውራ ከተለዩ ዶሮዎች ቢገኝ ይመረጣል፤ በየቀኑ ይሰበሰብ፤ በጥላና በነፋሻ ስፍራ ሰፊው ጫፉ ወደ ላይ ሆኖ ይቀመጥ። እናቶቻችን ዕንቁላልን ጤፍ ውስጥ ቀብረው ማስቀመጣቸው ከሙቀት ለመከላከልና እንዳይጋጭ ለመያዝ መልካም ዘዴ ነው፤ እህሉ ደረቅ፣ ዕንቁላሉም ኩስ የሌለበት መሆን አለበት። ኩስ የነካውን በደረቅ ጨርቅ መጥረግ እንጂ ለማስቀመጥ ሲባል ማጠብ አይገባም፤ መታጠብ ቀዳዳዎቹን የሚደፍነውን የተፈጥሮ ልባስ ያነሳዋል። የሚታጠበው ወደ ድስት ሊገባ ሲል ነው።

ቀን ያልተጻፈበትን በጎድጓዳ ዕቃ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ መፈተን ይቻላል። በጎኑ የሚተኛው ትኩስ ነው። አንድ ጫፉን ብድግ የሚያደርገው ለቅቅል ተስማሚ ነው። በጫፉ ቀጥ ብሎ የሚቆመው አርጅቷል፤ ተለይቶ ተሰብሮ ሳይታይ አይበላ። የሚንሳፈፈውን መጣል ነው። የፅንሱን ነገር ግን ውኃ አይናገርም፤ እርሱ የሚታወቀው በጨለማ ክፍል ከበስተኋላው የባትሪ ወይም የእጅ ስልክ መብራት አብርቶ በመመልከት ነው። ቀያይ የደም ሥሮች ወይም ጥቁር ጥላ የታየበት አይቀቀልም።

የአገሩ ከፍታ

በባሕር ወለል ላይ ውኃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ነው። ወደ ላይ በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። አዲስ አበባ ላይ ውኃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ደብረ ብርሃን ላይ በ91፣ ድሬዳዋ ላይ በ96፣ ጋምቤላ ላይ በ98 ገደማ። ስለዚህ «የፈላ ውኃ» በየአገሩ አንድ አይደለም። በውጭ አገር የማብሰያ መጻሕፍት ለትልቅ ዕንቁላል ከ10 እስከ 12 ደቂቃ ተብሎ የተጻፈው ለዝቅተኛ ቦታ ነው። በደጋችን በዚያ ሰዓት የወጣ ዕንቁላል አስኳሉ ቢለሰልስ ሊያስደንቅ አይገባም።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ስሕተት አለ። አልበስል ሲል እሳቱን ማንደድ። ውኃ አንዴ ከፈላ በኋላ የቱንም ያህል እንጨት ቢጨመርበት ሙቀቱ ከፍ አይልም፤ እንፋሎቱ ብቻ ይበዛል፣ ዕንቁላሎቹም እርስ በርሳቸው እየተጋጩ ይሰነጠቃሉ። የሚያበስለው ጊዜ ነው። ድስቱን ከድኖ እሳቱን ዝቅ አድርጎ ውኃው በዝግታ እየተንተከተከ መቆየቱ ማገዶም ዕንቁላልም ያድናል።

መጠኑም ይለያያል። የሐበሻ ዶሮ ዕንቁላል 40 ግራም ገደማ ሲሆን፣ እንደ ቦቫንስ ብራውን ያሉ የፈረንጅ ዶሮዎች ዕንቁላል 60 ግራም ይደርሳል። ውኃው ተመልሶ መፍላት ከጀመረበት ጊዜ አንሥቶ በአዲስ አበባና በመሰሉት ከፍታዎች ለትንሹ ከ11 እስከ 12፣ ለትልቁ ከ14 እስከ 15 ደቂቃ ይሰጥ። በደብረ ብርሃን በሁለቱም ላይ አንድ ደቂቃ ይጨመር። በድሬዳዋ ለትንሹ 10፣ ለትልቁ ከ12 እስከ 13፤ በጋምቤላ ለትንሹ 9፣ ለትልቁ ከ11 እስከ 12 ይበቃል። እነዚህ ቁጥሮች መነሻ ናቸው። እያንዳንዱ ቤት መጀመሪያ አንድ ዕንቁላል አውጥቶ ለሁለት ቆርጦ ይይ፤ መሐሉ እርጥብ ከሆነ ለቀሩት አንድ ወይም ሁለት ደቂቃ ይጨምር። ትልቁንና ትንሹን በአንድ ድስት መቀቀል ግድ ከሆነ ትንሹ ከ3 ደቂቃ በኋላ ይግባ።

አቀቃቀሉ

ዕንቁላሉ ከማቀዝቀዣ የወጣ ከሆነ አስቀድሞ ግማሽ ሰዓት ያህል ውጭ ይቆይ። ቀዝቃዛ ዕንቁላል በድንገት ሲሞቅ በሰፊው ጫፍ ያለው አየር ስለሚለጠጥ ቅርፊቱን ይሰነጥቀዋል። የተሰነጠቀውን ለይቶ ለጥብስ ማዋል ነው። ዕንቁላሎቹ በአንድ ረድፍ የሚተኙበት ድስት ይመረጥ፤ ውኃው ከበላያቸው ሁለት ጣት ያህል ከፍ ይበል። ከድስቱ ሥር ንጹሕ ጨርቅ ማንጠፍ ግጭትን ይቀንሳል።

ውኃው መጀመሪያ ለብቻው ይፍላ፤ ዕንቁላሎቹ ከዚያ በጭልፋ አንድ በአንድ ይግቡ። በብዙ ቤት የሚደረገው ከቀዝቃዛ ውኃ ጋር አብሮ መጣድ ነው። ያም ያበስላል፤ ነገር ግን ነጩ ቀስ እያለ ስለሚረጋ ከስስ ሽፋኑ ጋር የመጣበቅ ዕድሉ ይበዛል። በፈላ ውኃ የጀመረ ዕንቁላል፣ ትኩስ እንኳ ቢሆን፣ በተሻለ ይላጣል። ጨው መጨመርን በሚመለከት፣ ቅርፊቱን ያላቅቃል የሚባለውን ብዙም አንደግፍም፤ ጥቅሙ ዕንቁላሉ ቢሰነጠቅ የሚፈስሰው ነጭ ቶሎ እንዲረጋ ነው። በመርፌ መብሳትም ግድ አይደለም።

ሰዓቱ ሲሞላ ዕንቁላሎቹ ወዲያው ወደ ቀዝቃዛ ውኃ ይዛወሩ፤ ውኃው ሲሞቅ ይለወጥ፤ 10 ደቂቃ ይቆዩ። ይህ ውኃ የሚጠጣ ዓይነት ንጹሕ መሆኑን አጥብቀን እናሳስባለን። ዕንቁላል ሲቀዘቅዝ ውስጡ ስለሚኮማተር በቅርፊቱ ቀዳዳዎችና ስንጥቆች በዙሪያው ያለውን ውኃ ወደ ውስጥ ይስባል። በወንዝ ውኃ የቀዘቀዘ ዕንቁላል በእሳት የጸዳውን መልሶ ይበክላል።

ሲላጥ ቅርፊቱን ዙሪያውን በቀስታ ቀጥቅጦ፣ አየር ካለበት ከሰፊው ጫፍ መጀመር ነው። ጣት ከስስ ሽፋኑ ሥር ከገባ ቀሪው ተያይዞ ይመጣል። ጨከን ያለውን ውኃ ውስጥ አድርጎ መላጥ ይረዳል።

በአስኳሉ ዙሪያ አረንጓዴ ወይም ግራጫ ቀለበት ሲታይ ዕንቁላሉ ተመርዟል ብለው የሚጥሉ አሉ። ይህ ከነጩ የሚወጣ ድኝ ከአስኳሉ ብረት ጋር ሲዋሐድ የሚፈጠር ነው፤ ጉዳት የለውም። ብዙ የመቀቀልና ዘግይቶ የማቀዝቀዝ ምልክት ነው። ለዶሮ ወጥ የሚሆነው ዕንቁላል ወጡ ውስጥ እንደገና ስለሚሞቅ ይህ ቀለበት በቀላሉ ይወጣበታል። ተልጦ፣ ወጡ እንዲገባው በቢላ በስሱ ተጭሮ፣ ወጡ ሊወጣ ሲል መግባቱ የተለመደው ወግ ነው፤ ወጉም ትክክል ነው።

ለሠርቶ ማሳያ

የልማት ሠራተኛው ይህን በቃል ብቻ ቢያስተምር ብዙ አያተርፍም፤ ዕንቁላል ትኩሱ ይሻላል የሚለው እምነት ሥር የሰደደ ነው። ስድስት ዕንቁላል ይያዝ፤ ሦስቱ ዛሬ የተጣሉ፣ ሦስቱ ሳምንት የሆናቸው፣ ሁሉም ቀናቸው በእርሳስ የተጻፈባቸው። በአንድ ድስት፣ በአንድ ሰዓት ይቀቀሉና ይቀዝቅዙ። ከዚያ ሠራተኛው ራሱ አይላጥ። ስድስት እናቶች አንድ አንድ ይላጡና ቅርፊቱን ከነተቦጨቀው ነጭ በፊታቸው ያስቀምጡ። የማን ዕንቁላል የስንት ቀን እንደነበረ የሚነገረው በመጨረሻ ነው። ቀን የመጻፍን ጥቅም ከዚህ ወዲያ ማስረዳት አያስፈልግም።

ስለ ሕፃናትና ስለ ሽያጭ

ስድስት ወር ለሞላው ሕፃን ጠንክሮ የበሰለ ዕንቁላል ተፈጭቶ በገንፎ ወይም በእናት ጡት ወተት ለስልሶ ይሰጣል፤ አስኳሉ ያልረጋ ዕንቁላል ለሕፃንና ለነፍሰ ጡር አይሰጥ። በጾም ወራት የጾሙ ድስት እንዳይነካካ በማለት ጾም ላልተጣለባቸው ሕፃናት እንኳ የፍስክ ምግብ ሳይሠራ የሚቀርበት ቤት አለ። ከነቅርፊቱ የሚቀቀል ዕንቁላል ካልተሰነጠቀ ከድስቱ ጋር አይነካካም፤ ለሕፃኑ አንድ ትንሽ ጣሳ ለይቶ መያዝ ደግሞ ጥርጣሬውን ጨርሶ ያስቀራል። እናቶችን በዚህ በኩል ማነጋገር ከሌላው ምክር ሁሉ ይልቅ ሲቀናን እናያለን።

ቅቅል ዕንቁላል ከጥሬው ይልቅ ቶሎ ይበላሻል። በማቀዝቀዣ ከነቅርፊቱ እስከ አንድ ሳምንት ይቆያል። ያለ ማቀዝቀዣ ግን ከ2 ሰዓት በላይ እንዳይቆይ የምግብ ጤና መመሪያዎች ይመክራሉ። ስለዚህ ማታ ማታ በሚጥሚጣ ለሚሸጡ አባላት ጠዋት አንድ ቅርጫት ቀቅሎ ከማደል፣ ወደ ገበያው ሰዓት ጥቂት ጥቂት መቀቀል ይሻላል። ዕንቁላሉ ከነቅርፊቱ ይሰጥ፤ ገዢው ራሱ ይላጥ። ኩስ ወዳለበት የጥሬ ዕንቁላል መያዣ አይመለስ። ቅቅሉና ጥሬው ከተቀላቀሉ ገበታ ላይ ማሽከርከር ነው፤ ቅቅሉ ቀጥ ብሎ ይሾራል፣ ጥሬው እየተንገዳገደ ይቆማል።