ሞተር ሳይክል እንቢ ሲል ቤንዚኑን ከላይ ወደ ታች ተከተሉት

ክትባት ይዞ ወደ ገጠር የሚወጣው ባለሙያ ብዙ ጊዜ የሚነዳው አሮጌ ሞተር ሳይክል ነው። አብዛኛው ክትባት ደግሞ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ቅዝቃዜ መቆየት አለበት። ሞተሩ መንገድ ላይ ቆሞ በረዶው ከቀለጠ ሕፃናቱን ታቅፈው የሚጠብቁት እናቶች ባዶ እጃቸውን ይመለሳሉ።

ሞተር አልነሣ ሲል ሰው ሁሉ ካቻቢቴ ይዞ ወደ ካርቡራተሩ ይሮጣል። ይህ ልክ አይደለም። ቤንዚን እንደ መስኖ ውኃ ነው፤ ከላይ ከታንኩ ተነሥቶ በቦይ ይወርዳል። ማሳው ሲደርቅ መጀመሪያ የሚታየው ጠለፋው አይደለም እንዴ?

ስለዚህ ከታንኩ ጀምሩ። ቤንዚን መኖሩን በቀን ብርሃን እዩ። ኩራዝ ወይም ክብሪት አታስጠጉ፤ የሚነደው የቤንዚኑ ትነት ስለሆነ ሩቅ ሆኖም ይቀጣጠላል። ቀጥሎ ከታንኩ ሥር ያለችውን መዝጊያ ተመልከቱ። ሦስት አቅጣጫ አላት፤ ክፍት፣ ዝግና መጠባበቂያ። የተጻፈባት በባዕድ ፊደል ነው፣ ያውም በአሮጌ ሞተር ላይ ጠፍቷል። ፊደል ቆጥረን የለ? በቀለም «ክ»፣ «ዝ»፣ «መ» ብላችሁ ጻፉባት።

አሁን የጎማ ቱቦውን ከካርቡራተሩ ነቅላችሁ ጫፉን ጠርሙስ ውስጥ አድርጉና መዝጊያዋን ክፈቱ። ቤንዚኑ ሳያቋርጥ ከወረደ ታንኩ ደኅና ነው። በደንብ ጀምሮ እየቀጠነ ከሄደ የታንኩን ክዳን ክፈቱ፤ ወዲያው ከበረታ ጥፋቱ የክዳኑ ነው። ክዳኑ ላይ አየር የሚያስገባ ትንሽ ቀዳዳ አለ፤ አቧራና ጭቃ ሲደፍነው ቤንዚኑ መውረድ ያቅተዋል። ጥቂት መንገድ ሄዶ የሚጠፋ፣ ቆየት ሲል ደግሞ የሚነሣ ሞተር ብዙ ጊዜ ሕመሙ ይኸው ነው። ለዚህ ስንቱ ካርቡራተር በከንቱ ተፈቷል!

ጠርሙሱን ጥቂት አቆዩትና እዩት። ውኃ ካለበት ከሥር ይዘቅጣል፤ ቤንዚኑ ከላይ ይሰፍፋል። በመንገድ ዳር በፕላስቲክ ጠርሙስ የሚሸጠው ቤንዚን ላይ ይህን ሳታዩ አትሙሉ። ነጭ ጋዝ እንዳልተቀላቀለበት ለማወቅ ደግሞ ወረቀት ላይ ጠብ አድርጉ። ንጹሕ ቤንዚን ተንኖ ይጠፋል፤ ነጭ ጋዝ ግን የቅባት ምልክት ትቶ ይቆያል። የሞተር ዘይት የተቀላቀለበት ቤንዚንም ቅባት ስለሚተው ፈተናው ዘይት ሳይገባበት ይሁን።

እስከዚህ ሁሉም ደኅና ከሆነ ደጋግማችሁ ርገጡና ካንዴላውን ፍቱ። ደረቅ ከሆነ ቤንዚን አልደረሰውም፤ ካርቡራተሩ ተደፍኗል ማለት ነው። ከራሰ ቤንዚን በዝቶበታል ወይም እሳት አይሰጥም።

ካርቡራተሩን የምትፈቱት አሁን ነው። መዝጊያዋን ዝጉ፣ ከሥር ያለውን ጽዋ አውርዱ፣ ዝቃጩን አጽዱ። ውስጡ ቀዳዳ ያላቸው ሁለት የናስ ብሎኖች አሉ። ትንሹ ለሚኒሞ፣ ትልቁ ጋዝ ሲሰጥ የሚያገለግል ነው። ፈታችሁ ወደ ሰማይ አቅኑና በቀዳዳው እዩ፤ ብርሃን ካልታየ በቤንዚን እጠቡ፣ በብስክሌት መንፊያ ንፉ። ሽቦ ወይም መርፌ በፍጹም አታስገቡ። ናስ ለስላሳ ነው፤ ቀዳዳው ጥቂት ከሰፋ ሞተሩ ቤንዚን ይፈጃል፣ ጥቁር ጭስ ያጨሳል፣ ካንዴላውም ይጠቁራል። የሰፋ ቀዳዳ ደግሞ ተመልሶ አይጠብም፤ አዲስ መግዛት ነው።

ቤንዚን ከካርቡራተሩ ወደ ውጭ የሚፈስ ከሆነ ተንሳፋፊው የሚዘጋት መርፌ ቆሻሻ ይዟታል። ጽዋውን በካቻቢቴ እጀታ ቀስ አድርጋችሁ መታ መታ አድርጉት፤ አንዳንዴ ይበቃዋል። ሞተሩ ሲያድር መዝጊያዋ ዝግ ትሁን።

መልመጃ፦ አንድ ሞተር ጠዋት በቾክ ይነሣል። ቾኩ ሲመለስ ይጠፋል። ጋዝ ሲሰጡት ግን በደንብ ይሄዳል። የተደፈነው ትንሹ ቀዳዳ ነው ወይስ ትልቁ? ተወያዩበት።