የድካም ምክንያትና የደም ምርመራ ወረቀት፤ ከሰሜን ሸዋ ወጥተው በውጭ አገር ለሚኖሩ የተጻፈ መምሪያ

ከደብረ ብርሃን፣ ከአንኮበር፣ ከመንዝና ከተጉለት ወጥተው በዋሽንግተን፣ በለንደን፣ በስቶክሆልም ወይም በሪያድ ኑሯቸውን የመሠረቱ ወገኖቻችን፣ እንቅልፍ የማያስታግሰውና ከወር እስከ ወር የማይለቅ ድካመ ሥጋ ሲጸናባቸው፣ ብዙ ከታገሡ በኋላ ወደ ሐኪም ይሄዳሉ፤ ሐኪሙም ደም አስቀድቶ ውጤቱን ከነቁጥሩ በስልካቸው ይልክላቸዋል፤ እነርሱም በቁጥሩ አጠገብ «ኤች» ወይም «ኤል» የሚል ምልክት ባዩ ጊዜ፣ ፊተኛው ከፍ ማለቱን ኋለኛው ዝቅ ማለቱን እንደሚያመለክት ቢያውቁም፣ ከዚያ ያለፈውን ምሥጢር የሚተረጉምላቸው አጥተው ይጨነቃሉ። ይህ መምሪያ የተጻፈው ስለ እነርሱ ነው። የሐኪሙን ቦታ ለመውሰድ አልተጻፈም፤ ነገር ግን የባዕድ አገር ሐኪም የሕመምተኛውን ጾም፣ ማዕድ፣ ጨው፣ ቡናና የሥራ ሰዓት ካልነገሩት በቀር ሊያውቅ አይችልምና፣ አንባቢው ቁጥሩን ከራሱ ኑሮ ጋር አጋጥሞ እንዲያነብና በሐኪሙ ፊት በሚገባ እንዲያስረዳ ለመርዳት ነው።

አስቀድሞ ስለ ታይሮይድ ዕጢ እንነጋገር። ይህ ዕጢ በአንገት ፊት ከማንቁርት በታች የሚገኝ ሲሆን፣ ቲ4 እና ቲ3 የተባሉትን ሆርሞኖች እያመነጨ የሰውነትን ሙቀትና የኃይል አጠቃቀም ይመራል። በወረቀቱ ላይ ብዙውን ጊዜ በመጀመሪያ የሚታየው ቲ ኤስ ኤች ግን ከታይሮይድ የሚወጣ አይደለም፤ ከአንጎል ሥር ካለው ከፒቱታሪ ዕጢ ወጥቶ ታይሮይድን ለሥራ የሚቀሰቅስ ነው። ጌታ ሎሌው ሲዘገይበት ድምፁን ከፍ አድርጎ እንደሚጣራ፣ ታይሮይድ ሲሰንፍ ቲ ኤስ ኤች ከፍ ይላል፤ ታይሮይድ ከመጠን በላይ ሲሠራ ደግሞ ቲ ኤስ ኤች ዝቅ ይላል። ብዙ ሰው ነገሩን ገልብጦ ተረድቶ፣ ቲ ኤስ ኤች ከፍ ሲል ሆርሞኑ የበዛ እየመሰለው፣ ሊጀምረው የሚገባውን መድኃኒት ይሸሻልና ይህን ማጥበቅ ያስፈልጋል።

በአብዛኞቹ ላቦራቶሪዎች የአዋቂ ሰው ቲ ኤስ ኤች ከ0.4 እስከ 4.0 ሚሊ ዩኒት በሊትር ድረስ እንደ ደኅና ይቆጠራል፤ ነፍሰ ጡር ሴት ግን የራሷ መለኪያ አላት። ቲ ኤስ ኤች ከፍ ብሎ ፍሪ ቲ4፣ ማለትም በደም ውስጥ ነጻ ሆኖ የሚገኘው ቲ4፣ ዝቅ ካለ ታይሮይዱ በእርግጥ ደክሟል። ቲ ኤስ ኤች ጥቂት ከፍ ብሎ ፍሪ ቲ4 በመለኪያው ውስጥ ከሆነ ግን፣ ከሌላ ሕመም በማገገም ላይ ያለ ሰው ለጊዜው እንዲህ ሊሆን ስለሚችል፣ አስተዋይ ሐኪም ከ2 ወይም ከ3 ወር በኋላ ምርመራውን ያስደግማል፤ ቁጥሩ 10 ያልደረሰ እንደ ሆነም ብዙ ጊዜ መድኃኒት ለማዘዝ አይቸኩልም። ፀረ ቲ ፒ ኦ የተባለው ምርመራ ከፍ ብሎ ቢገኝ፣ ሰውነት ራሱ በታይሮይዱ ላይ መነሣቱን ያሳያል፤ ይህንም ደዌ ጃፓናዊው ሐኪም ሐካሩ ሐሺሞቶ እ.ኤ.አ. በ1912 ስለ ገለጹት በስማቸው ይጠራል። ስለ ፍሪ ቲ4 አንድ ነገር ልብ ይበሉ፤ በአሜሪካ ከ0.8 እስከ 1.8 ናኖግራም በዴሲሊትር ተብሎ የሚጻፈው፣ በአውሮፓ ከ10 እስከ 23 ፒኮሞል በሊትር ተብሎ ይጻፋልና፣ በሚኒሶታ ያለች እኅት 1.2 ስትባል በለንደን ያለ ወንድሟ 15 ቢባል፣ ሁለቱም አንድ ነገር ተነግሯቸዋል። ስለዚህ ቁጥሩን ሲጽፉ መለኪያውንም አብረው ይጻፉ።

ቁጥሩ ከሰውነት ታሪክ ጋር ሲስማማ ነው ትርጉም የሚያገኘው። በደብረ ብርሃን ብርድ ተወልዶ ያደገ ሰው፣ በሞቀ ቤት ውስጥ ሌሎች ሸሚዝ ለብሰው ሳሉ እርሱ ብቻ የሚንዘፈዘፍ ከሆነ፣ ቆዳው ከደረቀ፣ ሆዱ ከደረቀ፣ የልቡ ምት ከዘገየ፣ ሴትም ከሆነች የወር አበባዋ ከበዛ፣ እነዚህ ሁሉ ሰነፍ ታይሮይድን ይመሰክራሉ። ልብ መምታት፣ እጅ መንቀጥቀጥ፣ ሙቀት አለመቻልና ያለ ምክንያት መክሳት ወደ ተቃራኒው ያመለክታሉ። ለፀጉርና ለጥፍር ተብሎ የሚሸጠውን ባዮቲን የሚወስዱ እኅቶች ደግሞ፣ ይህ ቫይታሚን የአንዳንድ መሣሪያዎችን ንባብ አዛብቶ ጤነኛውን ታይሮይድ ከመጠን በላይ የሚሠራ ሊያስመስለው ስለሚችል፣ ከምርመራው ቢያንስ 2 ቀን በፊት ማቆም እንዳለባቸው ሐኪማቸውን ይጠይቁ።

ታይሮይድ ሆርሞኑን የሚሠራው ከአዮዲን ነው፤ በዚህም የሰሜን ሸዋ ሰው የራሱ ታሪክ አለው። ዝናብ ለዘመናት ያጠበው የደጋ አፈር አዮዲኑ የሳሳ ስለ ሆነ፣ እንቅርት በደጋው አገራችን ከጥንት የታወቀ ደዌ ነው። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1841 በካፒቴን ሐሪስ የተመራው የእንግሊዝ መልእክት አንኮበር በደረሰ ጊዜ፣ ከቤተ መንግሥቱ ቁልቁል ባለችው በአልዩ አምባ ገበያ የአፋር ነጋዴዎች ከቆላው በግመል ያመጡትን ጨው ይሸጡ ነበር፤ ጨው እንደ ገንዘብ የከበረ ሸቀጥ ቢሆንም፣ ከደረቀ ሐይቅ የተቈፈረ ጨው ግን አዮዲን ካልተጨመረበት ከእንቅርት አያድንም። በዘመናችንም አዮዲን ተጨምሮበት ከቀይ ባሕር ዳርቻ ይመጣ የነበረው ጨው በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር በተነሣው ጦርነት ምክንያት ሲቋረጥ፣ አገሪቱ ወደ አፍዴራ ጨው ዞረች፤ ለብዙ ዓመታትም አብዛኛው ሕዝብ አዮዲን የሌለበትን ጨው በላ። የሚኒስትሮች ምክር ቤት ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲጨመርበት ደንብ ያወጣው በ2003 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያም በ2008 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ10 ቤተሰብ ወደ 9 በሚጠጋው ቤት አዮዲን ያለበት ጨው ተገኘ። ስለዚህ በልጅነቱ አዮዲን ያለበት ጨው በተቋረጠበት በዚያ ዘመን ያደገ ሰው፣ አንገቱ ላይ እብጠት ካለ ወይም በቤተሰቡ እንቅርት ከታየ፣ ይህን ለሐኪሙ ሳይደብቅ ይንገር።

በውጭ አገር ሳለን ይህ ችግር ያለፈ ሊመስለን አይገባም። በብሪታንያ የገበታ ጨው በአብዛኛው አዮዲን የለበትም፤ የአገሬው ሰው አዮዲኑን በብዛት የሚያገኘው ከወተትና ከወተት ውጤት ነው። እንግዲህ ረቡዕንና ዓርብን፣ 55 ቀን የዐቢይ ጾምን፣ ጾመ ነቢያትንና ፍልሰታን አክብሮ ወተት የማይቀምስ ኦርቶዶክሳዊ፣ እንግሊዞች አዮዲን የሚያገኙበት መንገድ በዓመቱ ብዙ ቀናት የተዘጋበት መሆኑን የእንግሊዝ ሐኪም ከየት ያውቀዋል? በሱቅ ማሸጊያው ላይ አዮዲን የተጨመረበት መሆኑን አንብቦ ጨው መግዛት፣ ክዳኑ በሚገጥም ዕቃ ከእርጥበት ጠብቆ ማስቀመጥ፣ የተራራ ጨው እየተባለ በውድ የሚሸጠው ቀይ ጨው ይህን እንደማይተካ ማወቅ ይበቃል። ከባሕር አረም የተሠራውን እንክብል ግን አጥብቄ እቃወማለሁ፤ የሚይዘው የአዮዲን መጠን ወጥ አይደለም፣ ሲበዛም ራሱ ታይሮይድን ያውካል።

ጾም ከቫይታሚን ቢ12 ጋርም ይገናኛል። ይህ ቫይታሚን በተፈጥሮ የሚገኘው ከሥጋ፣ ከዓሣ፣ ከእንቁላልና ከወተት ነው፤ ጉበት ለዓመታት የሚበቃ ስንቅ ስለሚያከማች ግን፣ ጾመው በፍስክ ጊዜ ደኅና የሚመገቡ ሰዎች በጾም ምክንያት ብቻ ይጎድላቸዋል ብሎ መፍራት አይገባም። የሚያሠጋው፣ ዓመቱን ሙሉ በሽሮና በአትክልት የሚኖር፣ ወይም ለስኳር ሕመም ሜትፎርሚን፣ ለጨጓራ ኦሜፕራዞል ለረዥም ጊዜ የሚወስድ ሰው ነው። ከ200 ፒኮግራም በሚሊሊትር፣ በሌላው መለኪያ ከ148 ፒኮሞል በሊትር በታች ጉድለት ይባላል፤ ከ200 እስከ 300 ያለው አጠራጣሪ ነውና ተጨማሪ ምርመራ ይሻል። እግርና እጅ መደንዘዝ፣ ሚዛን መሳትና መርሳት ከድካሙ ጋር ቢታዩ አይዘግዩ፤ የነርቭ ጉዳት ሲቆይ ላይመለስ ይችላል።

ቫይታሚን ዲን ቆዳችን ከፀሐይ ብርሃን ይሠራዋል፤ የጠቈረ ቆዳ ግን ከነጭ ቆዳ የበለጠ ጊዜ ይፈልጋል፤ በስቶክሆልምና በለንደን ክረምት ደግሞ ፀሐይዋ ብትታይም ለዚህ ሥራ ኃይል የላትም። ፀሐይ በሞላበት በሪያድ ወይም በቤይሩት በሰው ቤት ተቀጥረው ከቤት የማይወጡ እኅቶቻችንም ከዚህ ጉድለት አያመልጡም። ከ20 ናኖግራም በሚሊሊትር፣ ማለትም ከ50 ናኖሞል በሊትር በላይ ያለው ለአብዛኛው ሰው ይበቃል፤ ከ12፣ ማለትም ከ30 ናኖሞል በታች ያለው ግን ጉድለት ነው። ቢጎድል መሙላት ለአጥንትና ለጡንቻ ይጠቅማል፤ ነገር ግን ድካም ሁሉ በቫይታሚን ዲ ይድናል የሚለውን ወሬ አልቀበለውም፤ ያለ ሐኪም ትእዛዝ በቀን ከ4,000 ዩኒት በላይ መውሰድም በደም ውስጥ ካልሲየምን አብዝቶ ኩላሊትን ሊጎዳ ይችላል።

ከሁሉ በላይ የሚረሳው ፌሪቲን ነው። ፌሪቲን የብረት ጎተራ መለኪያ ሲሆን፣ በደም ውስጥ ኦክስጅን ተሸካሚው ሂሞግሎቢን ገና ሳይወርድ ጎተራው ባዶ ሊሆን ይችላል። የዓለም የጤና ድርጅት ለአዋቂ ከ15 ማይክሮግራም በሊትር በታች ጉድለት ነው ይላል፤ ብዙ ሐኪሞች ግን ከ30 በታች ሲሆን መጠርጠር ይጀምራሉ። በሰውነት ውስጥ ብግነት ካለ ፌሪቲን ሐሰተኛ ከፍታ ያሳያል። ታይሮይዷ የሰነፈ ሴት የወር አበባዋ በዝቶ ብረቷ ሲያልቅ፣ በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ እንደሚባለው ነው፤ ከሁለቱ አንዱ ብቻ ቢታከም ድካሙ አይለቃትም። ወንድ ወይም የወር አበባዋ የቆመ ሴት ብረት ቢያጥራቸው ግን፣ እንክብል ከመዋጥ አስቀድሞ ደሙ በጨጓራ ወይም በአንጀት በኩል የሚፈስ መሆን አለመሆኑ ይመርመር።

እዚህ ላይ ከደጋ መምጣታችንም ይጠየቃል። አሜሪካዊቷ የሥነ ሰብእ ሊቅ ሲንቲያ ቢልና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተሙት ጥናት፣ በስሜን ተራሮች በ3,530 ሜትር ከፍታ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ሂሞግሎቢናቸው ከባሕር ጠለል ሰዎች ብዙ የማይለይ መሆኑን አሳይተዋል። ስለዚህ የእርስዎ ሂሞግሎቢን በለንደን ዝቅ ብሎ ቢገኝ፣ ከደጋ ስለ ወረዱ ነው ብለው አይለፉት። በሌላ በኩል ኒውትሮፊል የተባለው የነጭ ደም ሕዋስ በብዙ ኢትዮጵያውያን ዘንድ በተፈጥሮ አነስ ብሎ ይገኛል፤ «ኤል» የሚል ምልክት ያየ ሐኪም በከንቱ እንዳይደናገጥ፣ ከዚህ በፊት የተመረመሩትን ውጤት ሁሉ አስቀምጠው ያሳዩት።

ታይሮይዱ ሰንፎ ሌቮታይሮክሲን ከታዘዘ፣ አወሳሰዱ የመድኃኒቱን ያህል ክብር ይሻል። በባዶ ሆድ በውኃ ብቻ ተውጦ ቁርስ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ይቆያል፤ ጠዋት ተነሥቶ ቡና መጠጣት ለለመደ ሰው ይህ ይከብዳል፤ ቡናው ግን መድኃኒቱን ስለሚያጓድል መታገሥ ግድ ነው። የብረትና የካልሲየም እንክብል ከእርሱ በ4 ሰዓት ይራቁ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ የማይቀምስ ጾመኛ፣ እንዲሁም ረመዳንን የሚጾም ሙስሊም ወገናችን፣ ከሐኪሙ ጋር ተማክሮ ከራት 3 ሰዓት በኋላ ሊተኛ ሲል ቢወስደው ይስማማዋል፤ ኦርቶዶክሳዊውም ለንስሐ አባቱ ይንገር፣ ቤተ ክርስቲያን ሕሙማንን በጾም አታስጨንቅምና። መጠኑ ከተለወጠ ምርመራው የሚደገመው ከ6 እስከ 8 ሳምንት በኋላ ነው፤ ከዚያ ቀድሞ የተቀዳ ደም እውነተኛውን ልክ አያሳይም። ያረገዘች ሴት ግን መጠኑ ብዙ ጊዜ መጨመር ስለሚኖርበት በዚያው ሳምንት ሐኪሟን ታግኝ።

ታይሮይድም፣ ቫይታሚንም፣ ብረትም ደኅና ሆነው ድካሙ ከቀጠለ፣ ምርመራው ከንቱ ሆነ ማለት አይደለም፤ የስኳር ሕመም፣ የሳንባ ነቀርሳ፣ በእንቅልፍ ውስጥ የትንፋሽ መቋረጥና ድባቴ ቀጥለው ይጠየቁ። ቀን በአንድ ሥራ፣ ሌሊት በሌላ ፈረቃ እየሠራ ለእናቱ ብር የሚልክ ልጅ ድካሙን ለመናገር ያፍራል፤ ስንት ሰዓት እንደሚተኛ ለሐኪሙ ሳያፍር ይናገር።

አገር ቤት ለመግባት ሲነሡ መድኃኒቱን በእጅ ሻንጣ ከነማሸጊያው ይያዙ፤ የንግድ ስሙ በየአገሩ ስለሚለያይ፣ ሌቮታይሮክሲን የሚለውንና መጠኑን በማይክሮግራም የሚያሳይ ወረቀት ከሐኪምዎ ይቀበሉ። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናት፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ዳገት ሲወጡ ትንፋሽ ቢያጥር፣ ዓመታት በዝቅተኛ አገር ከኖሩ በኋላ የሚጠበቅ ነውና የእንክብሉን መጠን በራስዎ አይለውጡ። መድኃኒቱ በደም ውስጥ ግማሹ እስኪወጣ 7 ቀን ያህል ስለሚወስድ አንድ ቀን መርሳት አያስደነግጥም። የተረፈዎትን እንክብል ግን አንገቷ ላበጠ የአንኮበር አክስትዎ ትተው አይሂዱ፤ እርሷን ይዘው ደብረ ብርሃን ሆስፒታል ሄደው በራሷ ስም ያስመርምሯት፤ ለክትትሉም ዘመድ ወክለው፣ የውጤቷን ቅጂ ከእርስዎ ጋር ይውሰዱ።