በተዝካር ቀን የማይቈጠረው ወጪ

ሰው አንድ ነገር ለማድረግ ሲያስብ አስቀድሞ የሚጠይቀው «ምን ያህል ያስወጣኛል?» ብሎ ነው። ይህ ጥያቄ መልካም ነው፤ ነገር ግን ግማሽ ጥያቄ ነው። ሌላው ግማሽ «በዚሁ ሀብት፥ በዚሁ ጊዜና ጉልበት ልሠራው እችል ከነበረው ምን ይቀርብኛል?» የሚለው ነው። የምጣኔ ሀብት ሊቃውንት ከቀሩት ነገሮች የሚበልጠውን ከእውነተኛው ወጪ ይቈጥሩታል።

ነገሩ በተዝካር ይገለጣል። በደቡብ ወሎ ምዕራባዊ ደጋ፥ በደጎሎና በመካነ ሰላም አካባቢ፥ ገበሬው የሚያርሰው በጥማድ በሬ ነው። አንድ በሬ ብቻ ያለው ሰው ከጎረቤቱ ጋር ተቀናጅቶ በተራ ያርሳል፤ ይህም መቀናጆ ይባላል። እንዲህ ያለው ሰው በግንቦት ወር ለአባቱ አርባ ያንኑ በሬ አረደ እንበል። ምን እንዳወጣ ቢጠየቅ የበሬውን የገበያ ዋጋ፥ የጠላውን ጌሾና ብቅል፥ የእንጀራውን ጤፍ ይቈጥራል። ነገር ግን ክረምት ገብቶ ዋልካው መሬት ሲርስ የሚጠምደው የለውም። መሬቱን ለእኩል አራሽ ይሰጣል፤ የምርቱም እኩሌታ ከቤቱ ይወጣል። የጎረቤቱም በሬ አቻ አጥቶ ይቆማል። የታረደው አንድ በሬ ነው፤ ከእርሻ የቀረው ግን ጥማድ ነው። የተዝካሩ ዕለት ማዕዱ ይታያል፥ ምስጋናውም ይሰማል፤ የክረምቱን ጉድለት ግን ያን ቀን የሚያየው የለም።

ይህ የገበሬው ብቻ አይደለም፤ የሰው ሁሉ ጠባይ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2009 ዓ.ም. በታተመ ጥናት፥ በአሜሪካ የሚገኙ መምህራን ሰዎችን በሁለት ወገን ከፍለው አንድ የፊልም ቅጂ ይገዙ እንደሆነ ጠየቋቸው። አንደኛው ወገን «እገዛለሁ» ወይም «አልገዛም» እንዲል ብቻ ተጠየቀ፤ ከመቶ 75ቱ «እገዛለሁ» አሉ። ሁለተኛው ወገን ግን ባይገዛ ገንዘቡ ለሌላ ነገር እንደሚተርፍለት ተነገረው፤ «እገዛለሁ» ያለው ከመቶ 55 ብቻ ሆነ። የተነገረው ሁሉ የሚያውቀው ነገር ነበር፤ የጐደለው ማስታወስ ነው።

ይህ ቃል ተዝካርን ለመንቀፍ አልተጻፈም። ሙታንን በጸሎት፥ በቅዳሴና በምጽዋት ማሰብ የቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት ነው። ዳሩ ግን የሥርዓቱ ልብ ጸሎቱና ምጽዋቱ እንጂ የድግሱ ብዛት አይደለም። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 14 ጌታችን ብድራት መመለስ የማይችሉትን ድኆች እንድንጠራ አስተምሯል፤ በዚያው ምዕራፍ ግንብ ሊሠራ የሚወድ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ወጪውን እንደሚቈጥር ነግሮናል። በምዕራፍ 10 ደግሞ ማርታን እናገኛለን። ሥራዋ ክፉ አልነበረም፤ ነገር ግን የምትደክምበትን እንጂ የሚያመልጣትን አላየችም።

እንግዲህ ድግሱ ሳይቈረጥ «ይህ በሬ ባይታረድ በክረምቱ ምን ያርስ ነበር?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ያስፈልጋል። ዘመድ እንዳይጠይቅ ሐሜትን ይፈራል። ስለዚህ ጥያቄው በንስሐ አባት ላይ ይወድቃል። እርሱም በማዕዱ የሚቀመጥ ስለሆነ ይከብደው ይሆናል፤ ቢሆንም ይጠይቅ። ጸሎቱ ይድረስ፤ ከጎተራውም በአቅም ለድኆች ይሰጥ፤ በሬው ግን ወደ እርሻው ይመለስ። የሟቹ የልጅ ልጆች የሚበሉት ቢያገኙ፥ ይህም ለአያታቸው መልካም መታሰቢያ ነው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።